ቡስት ሲጨምር የሞተሩ ሆድ ዕቃ ይችለዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የተርቦውን ግፊት (ቡስት) ከፋብሪካው ልክ በላይ ለማድረግ ሞተራቸውን ሊያስከፍቱ ካሰቡ ወይም ካስከፈቱ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ባለ 2.0 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ተርቦ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ ስትሮኩም 86 ነው። ከፋብሪካ 0.5 ባር ይነፋል፤ ወደ 1.2 ባር ላሳድገው እፈልጋለሁ። አንዱ መካኒክ «ፎርጅድ ፒስተን አስገባ» ሲለኝ ሌላው «ቢዬላው ነው ቀድሞ የሚሄደው» ይላል። ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ አሁን የለኝም። የትኛው ይቅደም?

መልስ፦ ሁለቱም መካኒኮች እውነታቸውን ነው። አንዱ ፒስተንን ስለሚገድለው፣ ሌላው ቢዬላን ስለሚገድለው ነገር እየነገሩዎት ነው።

ከቢዬላው፣ ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ፣ እንጀምር። ቢዬላ ላይ የሚያርፈው ኃይል ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ጉተታ ነው፤ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ቢዬላውን ወደ ላይ ይስበዋል። ጉተታው ከዙሩ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ሞተሩን ከ6,500 ወደ 7,500 ዙር ሲያወጡት በ33 በመቶ ይጨምራል። እዚህ ላይ ቡስት እጁ የለበትም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ግፊት ነው። የ86 ሚሊ ሜትር ፒስተን አናት 58 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ቃጠሎው ሲሊንደሩ ውስጥ 100 ባር ቢፈጥር ፒስተኑ ላይ የሚያርፈው ክብደት ወደ 5.9 ቶን ይደርሳል፣ ያንን ሁሉ የሚሸከመው ቢዬላው ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣ ቢዬላ በቡስት ምክንያት የሚጎብጠው ብዙ ጊዜ 7,000 ዙር ላይ ሳይሆን በ3,000 እና በ4,000 መካከል፣ ተርቦው ቶሎ ሞልቶ ቶርኩ ጣሪያ ሲነካ ነው። በዝቅተኛ ዙር ግፊቱን የሚያካክስለት ጉተታ ትንሽ ነውና ሙሉውን ጭነት ብቻውን ይቀበላል። ቢዬላዎ የፋብሪካው ከሆነ ያለምንም ወጪ የሚገኘው መከላከያ ይህ ነው፦ ቱኒንግ (የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከል) የሚሠራልዎት ሰው እስከ 4,000 ዙር ድረስ ቡስቱን 0.8 ባር ላይ ያስረው፣ ከዚያ በኋላ ይልቀቀው።

ፒስተኑን የሚገድለው ደግሞ ሙቀትና ማንኳኳት ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል። የ25 ዲግሪ አየር 70 በመቶ ብቃት ባለው ተርቦ ውስጥ በ0.5 ባር ሲያልፍ 77 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይወጣል፤ በ1.2 ባር ግን 133 ዲግሪ ይደርሳል። ኢንተርኩለሩ ይህንን ካላወረደው ነዳጁ ካንዴላው ከለኮሰው ነበልባል ቀድሞ በራሱ ይፈነዳል። ማንኳኳት የሚባለው ያ ፍንዳታ ካስት (በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ) ፒስተንን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በሚቀመጥበት ጠርዝ ይሰብረዋል። ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን ከዚህ የተሻለ ይታገሳል፣ ማንኳኳቱ ካልቆመ ግን እሱም ይበሳል ወይም ይቀልጣል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ነዳጁ (ኢንጀክተርና ፓምፕ)፣ ኢንተርኩለሩና ቱኒንጉ። እነዚህ ሳይሟሉ ሞተር መክፈት ገንዘብ መበተን ነው። ቀጥሎ ፒስተንና ቢዬላ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ሞተር ማውረድ፣ መፍታት፣ ሲሊንደሩን ማስፈተግ፣ አዲስ ቤሪንግና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መግዛት ለአንዱም ለሁለቱም ያው ነው። ገንዘቡ እስኪሞላ 0.8 ባር ላይ ይቆዩ። ከ1.5 ወደ 1.8 ባር ፍጹም ግፊት (ቡስቱ ላይ የከባቢ አየሩ 1 ባር ሲደመር) ማለት እኮ ቀላል አይደለም፤ የአየሩ ሙቀት ካልጨመረ 20 በመቶ ተጨማሪ አየር ነው።

ጥያቄ፦ ፎርጅድ ፒስተን ልገዛ ስል ሻጩ «4032 ነው 2618?» ብሎ ጠየቀኝ። 2618 ያስገባ ጓደኛዬ ጠዋት ሲያስነሳ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጉድለት ነው?

መልስ፦ ጉድለት አይደለም። ሁለቱም የአሉሚኒየም ቅይጥ ስሞች ናቸው። 4032 ውስጥ 12 በመቶ ያህል ሲሊከን ስላለ በሙቀት ብዙ አይሰፋም፣ ስለዚህ ከሲሊንደሩ ጋር ተቀራርቦ ይገጠማል፤ ለ86 ሚሊ ሜትር ስፋት ከ0.06 እስከ 0.075 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። 2618 ሲሊከን የለውም ማለት ይቻላል። ይበልጥ ይሰፋል፣ በምትኩ ግን ሲመታ ከመሰንጠቅ ይልቅ ይታጠፋል። ክፍተቱ ከ0.09 እስከ 0.11 ሚሊ ሜትር ይሰጠዋል። የጓደኛዎ ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚሰማው ድምፅ ፒስተኑ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሲወዛወዝ ነው፤ ሲሞቅ ሊጠፋ ይገባል። ሞቆም ከቀጠለ ሲሊንደሩ ከልክ በላይ ተፈትጓል ማለት ነው።

በየቀኑ ለሚነዳና ከ1.2 ባር ለማያልፍ ሞተር 4032 እንመርጣለን፤ የፋሻው ጉድጓድ ቶሎ አይበላም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ለውድድር ወይም ለ1.5 ባርና ከዚያ በላይ 2618። የክፍተቱን ቁጥር ግን ከእኛም ከሻጩም አይውሰዱ። ፒስተኑ ካርቶን ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ፒስተኑ የቱ ጋ እንደሚለካም (ከቀሚሱ ግርጌ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ) አብሮ ይገኛል። ሲሊንደሩ ሲፈተግ ደግሞ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) የሚተካ ወፍራም የብረት ሰሌዳ ላዩ ላይ በሙሉ ቶርክ ይታሰር። የቴስታታ ቡሎን ሲጠብቅ ሲሊንደሩን ያጣምመዋል፤ ያለ ሰሌዳ ክብ ሆኖ የተፈተገው ሲታሰር ክብነቱን ያጣል።

ጥያቄ፦ ፎርጅድ ፒስተን ከገባለት 900 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ ሞተር ዘይት መትፋት ጀመረ። ሲከፈት በሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን አንደኛውና ሁለተኛው ፋሻ መካከል ያለው ጠርዝ ተሰብሮ ተገኘ። መካኒኩ ፋሻዎቹን ከካርቶን አውጥቶ እንዳሉ እንደገጠማቸው ነግሮኛል። ፒስተኑ አስመስሎ የተሠራ ይሆን?

መልስ፦ ፒስተኑን ከመጠርጠርዎ በፊት የፋሻውን ጫፎች አጉሊ መነጽር ይዘው ይመልከቱ። ሁለቱ ጫፎች በተያዩበት ፊት ላይ እንደ መስታወት የሚያበራ ጭረት ካለ ጫፎቹ ተጋጭተዋል፤ ፋሻው የሚሰፋበት ቦታ አጥቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ ፒስተኑም ጠርዙን እዚያው ትቶ ወርዷል። ጫፎቹ ደህና ሆነው የፒስተኑ አናት ዳር በአሸዋ እንደተረጨ ጥቃቅን ጉድጓድ ካለበት፣ የካንዴላው ነጭ ሸክላም ላይ ጥቁርና ብርማ ነጠብጣብ ከታየ፣ ወንጀለኛው ማንኳኳት ነው። እርስዎ በጻፉልን ሁኔታ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የ86 ሚሊ ሜትር ፋሻ ዙሪያው 270 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ በ100 ዲግሪ ቢበልጥ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ያለ ተርቦ ለሚሠራ ሞተር በቂ የሆነው 0.34 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቡስት በዝቶ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ሲል ወዲያው ያልቃል። ለተርቦ የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋት 0.0055 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለእርስዎ የላይኛው ፋሻ 0.47 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሁለተኛው ፋሻ ከላይኛው ትንሽ ይስፋ፣ 0.52 ያህል። ይህ ብዙ መካኒኮችን ያስገርማል። የላይኛውን አልፎ የወረደው ጋዝ በሁለቱ መካከል ከታሰረ ግን የላይኛውን ፋሻ ከመቀመጫው ያነሳዋል፤ ሰፊው አፍ ጋዙን ያስተነፍሰዋል።

አሠራሩ፦ ፋሻውን በሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ ያስገቡና በተገለበጠ ፒስተን 25 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ታች ገፍተው ቀጥ ያድርጉት። ክፍተቱን በፊለር ጌጅ ይለኩ። ሲሞርዱ ከአንድ ጫፍ ብቻ ይሞርዱ፣ ሞረዱም ሁልጊዜ ከፋሻው ውጫዊ ፊት ወደ ውስጥ ይሂድ፤ በተቃራኒው ከሄደ በፊቱ ላይ ያለውን ሽፋን ይፍቀዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርደው ይለኩ። ከተመጠነው ልክ 0.05 ቢያልፍ ምንም አይደለም፤ የሚገድለው ማነስ ነው። ሲጨርሱ የጫፉን ስለት በደቃቅ ድንጋይ ያነሱታል፣ ፋሻውንም «ሲሊንደር 1፣ ላይኛ» ብለው ምልክት አድርገው ያስቀምጡታል። የዘይት ፋሻው ቀጫጭን ቀለበቶች ከ0.38 እንዳያንሱ ብቻ ይመልከቱ፤ በመካከል ያለው የተጣጠፈው ሞላ ጫፎቹ ይነካካሉ እንጂ መደራረብ የለባቸውም። ምልክት ያለበት የፋሻ ገጽ ወደ ላይ ይዙር። የላይኛውና የሁለተኛው አፍ ደግሞ ፊትና ጀርባ ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ሞተሬ ያለ ተርቦ የተሠራ ነው፤ 86 በ86፣ ኮምፕሬሽኑ 10.5። ተርቦ ልጨምርለት ነው። ፒስተን ከመቀየር ይልቅ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጓርኒሲዮን ገብቶ ኮምፕሬሽኑ ቢወርድስ?

መልስ፦ ቁጥሩን አብረን እናስላ። የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 499.6 ሲሲ ነው። ለ10.5 ኮምፕሬሽን ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ 52.6 ሲሲ ይሆናል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 5.8 ሲሲ ይጨምራል፣ 58.4 ማለት ነው፤ ኮምፕሬሽኑም ወደ 9.55 ይወርዳል። ወረቀት ላይ ያምራል።

ችግሩ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው ጠፍጣፋ ዳር ጋር የሚቀረው ርቀት ላይ ነው። ጥሩው ልክ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚያች ጠባብ ቦታ የተጨመቀው ቅልቅል ወደ መሃል ይወረወራል፣ ይናወጣል፣ ቶሎም ይቃጠላል። 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ያ ቅልቅል ዳር ላይ ይቀመጥና መጨረሻ ላይ በራሱ ይፈነዳል። ኮምፕሬሽን ቀንሰው ማንኳኳት ሊጨምሩ ይችላሉ። ኮምፕሬሽኑ መውረድ ያለበት አናቱ ጎድጎድ ባለ ፒስተን ነው፤ ለምሳሌ 8.8 ለመድረስ 11.5 ሲሲ ያህል ተጨማሪ ጉድጓድ ያስፈልጋል፣ ዳሩ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆያል። በዚያ ላይ ያለ ተርቦ የተሠራ ሞተር ቢዬላው ቀጭን፣ ፒስተኑም ካስት መሆኑ የተለመደ ነውና መቀየሩ አይቀርልዎትም።

ጥያቄ፦ ቡስት ላይ ስረግጠው ብቻ ውሃው ወደ ማጠራቀሚያው ይገፋል። ዝም ብሎ ሲሠራ አይግልም። ጓርኒሲዮኑን ሁለት ጊዜ ቀይረናል።

መልስ፦ ቴስታታው እየተነሳ ነው። ቡሎኖቹ የሚይዙበት ኃይል ከቃጠሎው ግፊት አንሷል፣ ጋዙም በጓርኒሲዮኑ ሾልኮ ውሃ መንገድ ይገባል። ሦስተኛ ጓርኒሲዮን መግዛት ብቻውን አይፈታውም። ከፋብሪካ የመጡትን እየተለጠጡ የሚጠብቁ ቡሎኖች አውጥተው ባለ ዳዶ ስታድ (ብሎኩ ውስጥ ገብቶ ዳዶ ላዩ ላይ የሚጠብቅበት ዘንግ) ያስገቡ፤ ጓርኒሲዮኑ ባለብዙ ንብርብር ብረት ይሁን። ለዚህ ጓርኒሲዮን የብሎኩም የቴስታታውም ፊት ከ1.27 ማይክሮን የለሰለሰ፣ ጠፍጣፋነቱም ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ያልተዛባ መሆን አለበት። በእጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ የታሸ ፊት ላይ አይሠራም።

ስታዱን ሲያስገቡ በጣት ብቻ ይጠብቃል፣ ቁልፍ አይነካውም። የብሎኩ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት እንዳይቀር በአየር ያስነፉት፤ የታሰረ ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ብሎክ ይሰነጥቃል። ዳዶውና ሪንጁ ከስታዱ ጋር የመጣውን ቅባት ይቀቡ፣ በመመሪያው ቅደም ተከተል በሦስት ደረጃ ያጥብቁ። ለቅባቱ የተጻፈው የቶርክ ቁጥር ለሞተር ዘይት አይሆንም። በዘይት ሲያጥብቁ ሰበቃው ስለሚበዛ በዚያው ቁጥር የሚገኘው ኃይል ያንሳል።

ለምን መጀመሪያ ላይ እንደተነሳም ይጠይቁ። ማንኳኳት የግፊቱን ጫፍ በቅጽበት ስለሚያሳድገው ጠንካራ ስታድም ቢሆን ለዘላለም አይችለውም።

ጥያቄ፦ የፎርጅድ ቢዬላ ቡሎን በቶርክ ቁልፍ ይጥበቅ ወይስ ርዝመቱ ይለካ? የቤሪንጉ ክፍተትስ?

መልስ፦ ርዝመቱ ይለካ። ቡሎን እንደ ሞላ ነው፤ የሚይዘው በመለጠጡ ነው፣ የቶርክ ቁልፍ ግን ሰበቃውንም አብሮ ይቆጥራል። ከመግባቱ በፊት የእያንዳንዱን ቡሎን ርዝመት ይመዝግቡ። ኤአርፒ 2000 ከሚባለው ብረት የተሠሩ የተለመዱ ቡሎኖች ሲጠብቁ ከ0.13 እስከ 0.16 ሚሊ ሜትር ይለጠጣሉ፤ ትክክለኛው ቁጥር ከቢዬላው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ። አዲስ ቡሎን ጥቂት ጊዜ ጠብቆ ሲላላ ሰበቃው ይረጋጋል። ወደፊት ሞተሩ ሲከፈት የላላው ቡሎን ከመዘገቡት ርዝመት በ0.025 ሚሊ ሜትር ረዝሞ ከተገኘ ይጣላል።

የቤሪንግ ክፍተት ለክራንኩ አንገት በየሚሊ ሜትሩ 0.001 ነው፤ 48 ሚሊ ሜትር አንገት ካለው 0.048። ለከባድ ሥራ እስከ 0.06 ይሰጠዋል፣ ያኔ ዘይቱም ወፈር ይላል። ሲለኩ ቤሪንጉ ገብቶ ኮፍያው በሙሉ ኃይል ታስሮ፣ ከመገጣጠሚያው መስመር ርቆ በቁም አቅጣጫ ነው፤ ቤሪንጉ ሆን ተብሎ መገጣጠሚያው ጋ ሰፋ ስለሚደረግ እዚያ የሚገኘው ቁጥር ያታልላል። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሱ፦ የቢዬላው ትልቁ ዓይን አንድ ጎኑ ሰፋ ብሎ የተከረከመ ነው። ያ ጎን ወደ ክራንኩ ክንድ ይዙር። ተገልብጦ ከገባ ቤሪንጉ የክራንኩ ጥግ ላይ እየተፋቀ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ 350 የፈረስ ጉልበት ለማግኘት 550 ሲሲ ኢንጀክተር ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም። የተርቦ ቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 275 ግራም ያህል ይበላል፤ 350 ሲሆን 96 ኪሎ፣ ወደ 130 ሊትር ነው። ለአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 540 ሲሲ መርጨት አለበት። ኢንጀክተር ከ80 በመቶ በላይ ተከፍቶ እንዲቆይ አይደረግም፣ ስለዚህ 680 ሲሲ አካባቢ ያስፈልግዎታል፤ 750 ይግዙ። ፓምፑንም ሲመርጡ በ3 ባር የሚሰጠውን አይመልከቱ። የነዳጅ ግፊት ሬጉላተሩ (መቆጣጠሪያው) ቡስቱን ስለሚደምር በ1.2 ባር ቡስት ፓምፑ 4.2 ባር ላይ ነው የሚሠራው፣ የሚሰጠውም መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ከ1 ባር በላይ ሲሆን ሞተሩ ይቆራረጣል። ካንዴላው አዲስ ነው።

መልስ፦ ክፍተቱን ከ1.1 ወደ 0.65 ሚሊ ሜትር ያጥብቡት፤ የታመቀ አየር ብልጭታውን ያጠፋዋል። አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ካንዴላም ያስፈልግዎታል። ሲገዙ ይጠንቀቁ፦ በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ በቦሽ ግን ቁጥሩ ሲያንስ ነው።

ጥያቄ፦ የቫልቭ ሞላም ይቀየር ይሉኛል። ዙሩን ሳልጨምር ለምን?

መልስ፦ ቡስቱ የመግቢያ ቫልቩን ከጀርባው ስለሚገፋው። 35 ሚሊ ሜትር ቫልቭ በ1.2 ባር ወደ 12 ኪሎ ይገፋል፤ ያ ኃይል ቫልቩን ሲቱ (መቀመጫው) ላይ ከሚይዘው የሞላ ኃይል ላይ ይቀነሳል። ሞላው አሮጌ ከሆነ በከፍተኛ ዙር ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ጉልበቱ ይወድቃል፣ ጥፋቱም በተርቦው ይሳበባል። የሞላውን ኃይል ያስለኩ፤ ከደከመ ይቀይሩት፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ።

ጥያቄ፦ የእኔ ናፍጣ ነው። ቡስት ብቻ ብጨምር ፒስተኑን ይጎዳዋል?

መልስ፦ ነዳጁ ካልተጨመረ በናፍጣ ሞተር ተጨማሪ አየር የጭሱን ሙቀት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ጉልበት ለማግኘት ነዳጅ ሲጨምሩ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ከተርቦው በፊት የሙቀት መለኪያ ያስገጥሙ፤ ረጅም ዳገት ላይ ከ700 ዲግሪ በላይ ከቆየ የፒስተኑ ጉድጓድ ከንፈር መሰንጠቅ ይጀምራል። የነዳጁን መርጫ ጊዜ ወደፊት ማምጣት ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ የሲሊንደሩን ግፊት ግን ያሳድጋል፤ ያኔ የሚሸነፈው ጓርኒሲዮኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ተገጥሞ አልቋል። በስንት ኪሎ ሜትር ልርገጠው?

መልስ፦ ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ ነዳጁን ዘግተው፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ በማስነሻው ያሽከርክሩት፤ ከዚያ ነው የሚነሳው። ያለ ሰው ሠራሽ ተጨማሪ የሆነ ተራ የማዕድን ዘይት ይጠቀሙ። ዝም ብሎ እንዲሠራ አይተዉት፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው በጭነት ነው። በሦስተኛ ማርሽ ከ2,500 እስከ 4,500 ዙር ግማሽ ረግጠው ያውጡት፣ ከዚያ እግርዎን አንስተው ማርሹ ራሱ እስኪያዘገየው ይተዉት፤ ይህን ደጋግመው ያድርጉ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ፊልትሮውን ቆርጠው ወረቀቱን ይዘርጉ። ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የፍትጊያው ነው። የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከታየ ቤሪንግ ነውና ሞተሩ ይቁም። 500 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ከዌስትጌቱ (ቡስቱን ከሚገድበው ቫልቭ) ሞላ በላይ ቡስት አይስጡት። ያኔ ሞተሩ ሞቆ የሊክዳውን ፍተሻ (ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ነፍቶ ስንት በመቶው እንደሚሾልክ መለካት) ይደረግለት፤ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ቱኒንጉ ይቀጥል፣ ከ20 በላይ ከሆነ አየሩ የሚሾልከው በማርሚታው፣ በአየር መግቢያው ወይም በዘይት መሙያው መሆኑን ጆሮዎን አስጠግተው ይለዩ።